እጅሽ ከጉልበቴ ላይ እስኪነሳ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? "ደህና ነኝ" ብለሽ በአንድ ቃል እንዳታመልጪኝ አንድ በአንድ ልጠይቅሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ ግድግዳውን ትይዣለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "እኔ ምን ሆኜ" ብለሽ ትሮጪያለሽ? ያ የላይኛው ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ አሁንም በቅርንፉድ እያባበልሽው ነው? እንቁላሏን ጎረቤት እየሄደች የምትጥለው ዶሮሽስ ልብ ገዛች? የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? ሙሽሪት እህቴ ሠርጓ ሲቃረብ እንቅልፍ አጥታ አንቺንም እንደነሳችሽ አልጠራጠርም። እኔ ጤነኛ ነኝ። ወፍሬያለሁ። ደስ እንደሚልሽ ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። እንዴት እንደወፈርኩ ኋላ ላይ እነግርሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይኼን ደብዳቤ ብቻሽን አንብቢው፤ ለሙሽሪት "አንብቢልኝ" እንዳትያት። የላክሁልሽን መነጽር አድርጊና መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። በጨርቅ ጠቅልለሽ ሣጥን ውስጥ እንደከተትሽው እህቴ ነግራኛለች። ለእንግዳ የሚወጣ ብርጭቆ አይደለም እኮ፣ እማዬ፤ በየቀኑ ዓይን ላይ የሚውል ነገር ነው። መስታወቱን በእጄ የሞረድኩት እኔ ነኝ፤ ሣጥን ውስጥ ልብስ እንዲያይበት አልነበረም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ መነጽር ቤት ነው። ከፊት ሱቁ አለ፤ ከኋላ የኛ ክፍል፦ ሦስት መሞረጃ ማሽን፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ መብራት። መስታወቱን እያረጠብኩ ስሞርድ እውላለሁ፤ ስወጣ ጣቶቼ የልብስ አጣቢ ጣት መስለው ነው። እዚያ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ ሁለቱም የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ስማቸው ለምላስ ስለማይመች በልቤ ባወጣሁላቸው ልጥራቸው። አንደኛው ቀጭኔ ነው። የተጣመመ የመነጽር ፍሬም የሚያቃናው እሱ ነው፤ በር በገባ ቁጥር አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ ምሳ ምን እንደሚበላ ያስባል። ከእሱ ቀጭንነትና ከሚበላው ብዛት አንዱ ውሸት መሆን አለበት እላለሁ።

ሁለተኛዋ የሰው ዓይን የምትለካው ናት። ጥያቄ ስለማይሰለቻት መርማሪዋ ብያታለሁ። ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እያሳየች መስታወት ትቀያይርለታለች፤ "ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?" ትላለች። ሰውየው "ይኼኛው" ይላል። እሷ ግን አትጽፍም። ሳትነግረው ያንኑ መስታወት መልሳ ታደርግለትና እንደ አዲስ ትጠይቀዋለች። ከዚያም ሌላ አስገብታ አስወጥታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ያኔ ነው እስክሪብቶዋን የምታነሳው። አንድ ቀን ሰውን ለምን እንደምታሰለች ብጠይቃት፣ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ወይ የችኮላ ነው ወይ እኔን ላለማስቸገር ነው አለችኝ። ይሉኝታ የምንለውን ነገር ቃሉ ስለሌላት በእጇ እያሳየች ልታስረዳኝ ሞከረች። እኔን! ይሉኝታን ከጡትሽ ወተት ጋር የጠጣሁትን።

ቀጭኔ ስምንት ወር ሙሉ ከክፍሌ እስከ ሥራ ቦታ ካለው መንገድ ሌላ እንደማላውቅ፣ ራቴም ዳቦና እንቁላል እንደሆነ ሲሰማ ሰው የሞተበት ያህል አዘነ። የከተማውን ካርታ አምጥቶ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ኋላ በሚስማር መታው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በእረፍት ቀናችን ሦስታችን አንድ ሰፈር እንወጣለን፤ የሰፈሩን ምግብ እንበላለን፤ የሚታይ ካለ እናያለን፤ በማግስቱ ቀጭኔ የሄድንበትን በቀይ እርሳስ ያቀልማል።

መጀመሪያ የሄድነው እናቱ ቤት ነበር። እናቱ አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሚሰማው ደግሞ የፈለገውን ብቻ ነው። ስጋውን ከነአትክልቱ በትልቅ ድስት ከምድጃ አወጣች፤ ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ቤቱን ሞላው። ለግብዣው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ላውጣልህ ወይ አለችኝ። እኔም እንዳሳደግሽኝ፣ አይ፣ በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት አልኳት። እሺ አለችና ድስቱን ወደ ልጇ አሳለፈች።

እማዬ፣ ድስቱ ሲያልፈኝ ዓይኔ እያየ ነው! ተመልሳ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኋት። ማን ጠይቆኝ! ባዶ ሳህኔን ይዤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። እሷም መስማት ለሚሳነው ሰው ሹክሹክታ በሚመስለው ድምፅ፣ ጎረቤት ሳይቀር እየሰማ፣ ይኼ ጓደኛህ ምግብ የማይበላው ታሞ ነው ወይ አለችው። ክፍሌ ገብቼ የደረቀ ዳቦ ቆሜ በላሁ።

ታስታውሺ የለም? ሰው ቤት ስንሄድ አጠገብሽ ታስቀምጭኝና እጅሽን ጉልበቴ ላይ ታሳርፊ ነበር። የቤቱ ባለቤት "ብላ እንጂ" ስትለኝ እጅሽ ጫን ይላል፤ "አሁን ነው በልቶ የመጣው፣ ተይው" ትያለሽ። ደግማ ስትል እጅሽ እዚያው ነው። ሦስተኛ "በሞቴ!" ስትል እጅሽ ከጉልበቴ ላይ ይነሳል፤ እኔም ያኔ እጄን እዘረጋለሁ። አንድ ጊዜ በሁለተኛው ዳቦ አንስቼ የቆነጠጥሽኝ ቦታ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር። እንግዲህ አንቺ ባልነበርሽበት ጠረጴዛ ላይ እጅሽን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ፤ የሚያነሳው ጠፋ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓሣ ተራ ሄድን። መርማሪዋ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዓሣ ገዝታ ዘረጋችልኝ፤ አይ አልኩ፤ ብቻዋን ጀመረችው። ሆዴ ግን ይሉኝታ አያውቅምና ጮኸ። መብላቷን አቆመችና በዚያ በሥራ ቦታ ድምፅዋ ርቦሃል ወይ አለችኝ። አልራበኝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ጠየቀችኝ። ትንሽ አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ልሞት ነው አልኩ፤ የቀረውን ከነእሾሁ ሰጠችኝ።

እየበላሁ የጉልበቱን ነገር ነገርኳቸው። ቀጭኔ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ የእናቱ ድስት ሲታወሰው ደግሞ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሷ አልሳቀችም። ማን ነው የሚቆጥረው አለችኝ። ሁለቱም ወገን በልቡ ይቆጥራል አልኳት። ጋባዡ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቆ ቢተወውስ? ስሙ ይጠፋል። እንግዳው የእውነት ባይፈልግስ? ከሦስተኛው በኋላ እንቢ ካለ እውነቱን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው እንቢታ ግን እንቢታ አይባልም አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጨው እንኳ ስታቀብለኝ ሦስቴ ትጠይቀኛለች። ቀጭኔ እስክትጨርሱ ልደርቅ ነው እያለ ይነጫነጫል።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልሽ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሹፌሮች ቆመው የሚጠጡት ሾርባ አለ፤ ወንበር የለም፤ ሳህኑን ደረትሽ ላይ ደግፈሽ ነው። ከእሱ ሦስት ሳህን ጠጣሁ። የድሮ ዕቃ የሚታይበት አዳራሽ ገብተን አንድ ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ መነጽር ፊት ሦስታችንም ቆመን፣ ፍሬሙ ተጣሟል፣ መስታወቱ ሸካራ ነው፣ ማን ነው የሠራው እያልን ስናማ ዘበኛው ተቆጣን። ሙዚቃ ልንሰማ ገብተን ደግሞ ያለቀ መስሎኝ መሃል ላይ አጨበጨብኩ፤ አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። መርማሪዋ ብቻዬን እንዳልቀር ብላ አብራኝ አጨበጨበች። እንዴት እንደወፈርኩ አሁን ገባሽ። ካርታው ግማሹ ቀልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት ስላፈርኩ ነው።

ያን ቀን በስልክ፣ እህቴ ካገባች በኋላ ወደ ባሏ ከተማ እንደምትሄድ ስትነግሪኝ፣ አንቺስ ከእኔ ጋር ለምን አትመጪም አልኩሽ። አንቺም "ተወኝ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል፣ ሰው አገር ሄጄ ምን እሠራለሁ" አልሽና ራት በልቼ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። እሺ አልኩሽ። እንደ ቀጭኔ እናት እሺ ብዬ ድስቱን አሳለፍኩ።

ልናዘዝልሽ፣ እማዬ። እንቢ ስትይ ደስ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ቅልል አለኝ። አንቺ ከመጣሽ ካርታው ግማሹ ላይ ይቀራል ብዬ ሰጋሁ። በዚህ ዕድሜዬ የት ዋልክ፣ ከማን ጋር ዋልክ መባልን ፈራሁ። በማግስቱ የሥራ ውሌ ለሦስት ዓመት ሲታደስ ጸሐፊው ቅጽ ሰጠኝ፤ ቤተሰቡን ለሚያመጣ ሠራተኛ ድርጅቱ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጣል። "የሚመጣ የቤተሰብ አባል" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ማንም የለህም ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩት። እናት እያለኝ። ይኼን በስልክ ልነግርሽ አልችልም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ ድንች እየበላን የእህቴን ሠርግ አወራሁላቸው። መርማሪዋ እናትህ ከማን ጋር ትቀራለች አለችኝ። ብቻዋን፤ ነይ ብዬ ጠይቄያት አልፈልግም ብላለች አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ስንት ጊዜ ጠየቅካት አለችኝ።

ያ የምግብ ነገር ነው፣ ይኼ ሌላ ነው አልኳት። ቀጭኔን ታውቂዋለሽ፣ ማለቴ አሁን ከነገርኩሽ ታውቂዋለሽ፤ መሬት ብትንቀጠቀጥ ማኘኩን አያቆምም። ያን ጊዜ አቆመ።

ተናደድኩባት። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን የሞረድኩትን መስታወት ላደርስ ወደ መለኪያው ክፍል ስገባ አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው ስትላቸው ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነው ይላሉ። መስታወቱን ለውጣ ስትጠይቃቸውም ጥሩ ነው፣ አትድከሚ። ሦስተኛ ስትጠይቃቸው ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ እውነቱን ለመናገር ምንም አይታየኝም አሉ።

መስታወቱን አስቀምጬ ወጣሁ። የባልዲው ውሃ ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። አለቀስኩ እንጂ ምን እደብቅሻለሁ። የሥራ ሰዓት ነበር፤ ቀጭኔ ማሽኔን አጥፍቶልኝ ወደ ሱቁ የሚወስደውን በር ዘጋው።

በማግስቱ ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ ቅጼን መልስልኝ አልኩት። የለህም አላልክም ወይ ብሎ ተቆጣ። ተሳስቼ ነው አልኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለህ፣ ግን የምትመጣዋ ሰው ራሷ ፈርማ የላከችው ወረቀት ያስፈልጋል አለኝ። እስከዚያ ቤቱን እንዳዘጋጅ ቁልፉን በአደራ ሰጠኝ። ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለ። የምትፈርሚበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ካልደረሰ ቤቱን ለሌላ ሠራተኛ ይሰጡታል፤ እንደገና የሚጠየቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለአንቺ ጉልበት ሦስት ዓመት ብዙ ነው፤ ለእኔ ኅሊናም እንደዚያው።

ስለዚህ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?

የምትይውን ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። ቤቱን ካልሽ፣ የአክስቴ ልጅ ከባሏ ጋር ገብታ እንድትጠብቀው አነጋግሬያታለሁ፤ ጣሪያውንም ይጠግኑታል። ዶሮዋን ካልሽ፣ እሷ እንደሆነች በገዛ ፈቃዷ ጎረቤት ገብታለች። ቋንቋውን ካልሽ፣ የቀጭኔ እናት ልታጫውትሽ ተዘጋጅታለች፤ እሷ እንደሁ የራሷንም ቋንቋ አትሰማው። ደረጃ ካልሽ፣ ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ መግቢያው ሁለት እርከን ብቻ ነው፤ ቀጭኔ መደገፊያ ብረት በራሱ እጅ ገጥሞለታል። የአንቺ ክፍል መስኮቱ መንገዱን ያሳያል፤ አላፊ አግዳሚውን ማየት እንደምትወጂ አልረሳሁም። ሸክም እሆንብሃለሁ ካልሽ ግን እቀየምሻለሁ።

ለአባዬ መቃብር መልስ የለኝም። በዓመት በዓመት አብረን እንሄዳለን ልል እችላለሁ፤ ግን በየሳምንቱ ሄደሽ አረሙን እንደምትነቅዪ፣ የሰፈሩን ወሬም እንደምታወሪለት አውቃለሁ። ይኼን አንቺ ነሽ የምትመዝኚው። ብትቀሪ በዚህ ምክንያት ቅሪ፤ እኔን ላለማስቸገር ብለሽ ግን እንዳትቀሪ።

ቤቱ ገና ባዶ ነው። መጋረጃውን ባለፈው ሳምንት ሰቀልነው፤ ቀለሙን እኔ አልመረጥኩትምና ካልወደድሽው እኔን እንዳትወቅሺ። ጠረጴዛም ገዛን፤ ወንበር ሦስት። ቀጭኔ አራት ይሁን ብሎ ነበር፤ አንተ ቆመህ ትበላለህ አልነው። መርማሪዋ እናትህ የማትወደው ምግብ ምንድን ነው አለችኝ፤ ሁሉን ትበላለች አልኳት። ይኼ የመጀመሪያ መልስ ነው አለችና እንደገና ጠየቀችኝ። በሦስተኛው አንቺ ዓሣ እንደማትወጂ ነገርኳት። አሁን እስክትመጪ ድረስ ዓሣውን ጠግበን እንጨርሰዋለን ትላለች። "እማዬ" ማለትንም ለምዳለች፤ "ማ"ዋን ትንሽ ታስረዝማታለች።

ለሙሽሪት ለአፏ ማር፣ ለትዳሯ ፍቅር ያድርግላት በይልኝ። አንቺን ደግሞ አምላክ ጥርስሽን ከሕመም፣ ጉልበትሽን ከድካም ይሰውርልኝ፤ የልጅ ልጅ አሳቅፎ ዕድሜ ይጨምርልኝ። እኔንም እንደ ድሮው ስወጣ ስገባ መርቂኝ፤ ይኼን የምጽፍልሽ ምርቃትሽ ስለጎደለኝ ነው።

አሁን ቁጠሪ። አንዱ በስልክ ነበር። ሁለተኛውን ከላይ ጻፍኩት። ሦስተኛው ይኼውልሽ፦ እማዬ፣ በሞቴ ነይ።

ጉልበትሽን እስማለሁ። ስደርስበት እጅሽን እዚያ ላይ እንዳላገኘው።

ልጅሽ